ቀን የወጣላቸው ጌሞች፣ ከድሬዳዋ ሲታዩ

ማንም ሳይጠብቃቸው የገነኑ የቪዲዮ ጌሞችን ፈረንጆቹ «ስሊፐር» ይሏቸዋል። የተኙ እንደማለት ነው። ከወጡ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ዝም ይላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ብድግ ይላሉ። እኛ «ቀን ወጣለት» የምንለው ይሻላቸዋል ባይ ነኝ። የድሬ ሰው ግን በመተኛቱ አይከፋም። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ የከዚራም የመጋላም ሰፈሮች ጭር ይላሉ። አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲመጣ ከተማዋ እንደ አዲስ ትነሳለች።

በድሬ ጌም ቤቶች ንጉሡ ፊፋ ነው። የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ያስረክባል። ባለቤቱ የማይታወቅ ጌም ከፍቶ ገቢውን አያጣም። ከውጭ በዶላር መግዛትም ለብዙ ሰው የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ያልተጠበቀ ጌም ሰፈር የሚገባው በስልክ ነው። አንዱ ያወርደዋል፤ ለጓደኛው በዜንደር ይልክለታል፤ ሳይቆይ ሁሉም እጅ ላይ ይታያል። ኩባንያ ሳይሆን ጓደኛ ነው የሚያስተዋውቀው። የእነዚህ ጌሞች ታሪክ በሌላውም ዓለም ከዚህ ብዙ አይርቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊፋ የሰለቸው የኳስ ሰው ካለ ሮኬት ሊግን ይሞክር። በመኪና ኳስ እየገፉ ጎል ማግባት ነው። ሳይኦኒክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይህንኑ ሐሳብ በ2008 ለፕሌይስቴሽን 3 አውጥቶት ነበር። ስሙን ስሙልኝ፦ «ሱፐርሶኒክ አክሮባቲክ ሮኬት ፓወርድ ባትል ካርስ»። ይህን ስም ጓደኛ ለጓደኛ እንዴት አድርጎ ይንገረው? ብዙም ሳይሸጥ ቀረ። በ2015 ስሙ አጥሮ፣ ጨዋታው ተስተካክሎ ተመለሰ። በወጣበት ወር ፕሌይስቴሽን ፕላስ ለተባለው የክፍያ አገልግሎት አባላት በነፃ ታደለና ሚሊዮኖች አወረዱት። በ2019 ኤፒክ ጌምስ የተባለው የጌም ኩባንያ ድርጅቱን ገዛው። እዚህ ቢሠራ ኖሮ መኪናዎቹ ባጃጅ ይሆኑ ነበር። የድሬ ባጃጅ ያለ ሮኬትም ይበራል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ፖኬሞን ነው። ጌም ቦይ የተባለው የእጅ ማጫወቻ የወጣው በ1989 ነበር። በ1996 አርጅቷል፣ አብቅቶለታል የሚለው ብዙ ነው። ስድስት ዓመት የተለፋበት ፖኬሞን ጃፓን ውስጥ የወጣው ለዚሁ ዕቃ ነው። ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እየያዘ ይሰበስብ ነበር፤ ፍጡሮችን እየያዙ መሰብሰብ የሆነው ጌሙም የተወለደው ከዚያው ነው። ቀይና አረንጓዴ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ተሸጠ። ቀዩ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፍጡሮች አረንጓዴው ውስጥ አይገኙም። ሁሉንም የፈለገ ልጅ ማጫወቻውን ከሌላ ልጅ ማጫወቻ ጋር በገመድ አገናኝቶ መለዋወጥ አለበት። ጌሙ ራሱ ልጁን ጓደኛ ፍለጋ ይልከዋል ማለት ነው። ብይና ቆርኪ ሲለዋወጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማስተማሪያ አያስፈልገውም።

በዚያ ላይ ከሠሪዎቹ አንዱ ሽገኪ ሞሪሞቶ ሚው የተባለች 151ኛ ፍጡር በመጨረሻ ሰዓት በድብቅ ሸጎጠ። ወሬው ልጆች ዘንድ ተዛመተ። አንድ የልጆች መጽሔት ሚውን ለ20 ሰው በዕጣ እሰጣለሁ ቢል ከ78,000 በላይ ማመልከቻ ጎረፈለት። ቀዝቀዝ ብሎ የጀመረው ሽያጭ ከዚያ በኋላ ተመነደገ።

ቀን ሲወጣ ሁሉም አይደሰትም። ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን ፍላፒ በርድን በጥቂት ቀናት ሠርቶ በ2013 ለቀቀው። በቧንቧዎች መካከል አንዲት ወፍ በአንድ ጣት ማሳለፍ ነው። ለወራት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2014 መጀመሪያ የስልክ መደብሮችን አናት ተቆጣጠረ። ከማስታወቂያ በቀን እስከ 50,000 ዶላር ያስገባል ተብሎ ተዘገበ። እሱ ግን በፌብሩዋሪ ራሱ ከመደብሮቹ አነሣው፤ ሰው ሱስ ያዘው ብሎ። በዚያ ገቢ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም።

ስታርዱ ቫሊን ኤሪክ ባሮን ብቻውን አራት ዓመት ተኩል ደክሞበት በ2016 አወጣው። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተሸጠ። ጌሙ የሚጀምረው ከአያት በተወረሰ እርሻ ነው። የገጠር አያት ያለው ሰው ለመዝናናት ማረስ ቢገርመው አልፈርድበትም። በኩብ በኩብ ዓለም የሚገነባበት ማይንክራፍትም በ2009 ገና ሳያልቅ ነበር ለሕዝብ የተለቀቀው። በ2014 ማይክሮሶፍት የጌሙን ድርጅት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ለድሬ የተሠራ የሚመስለኝ ግን አሞንግ አስ ነው። ኢነርስሎዝ የተባሉ ሦስት ሰዎች በ2018 አወጡት። መነሻው ማፊያ የሚባለው የቡድን ጨዋታ ነው። ጠፈር መርከብ ውስጥ ገዳይ ተደብቋል፤ ተከራክሮ በድምፅ ብልጫ ማባረር ነው። ሁለት ዓመት ያህል ብዙ ሰው አላወቀውም። ሞቅ ሞቅ ማለት የጀመረው ደቡብ ኮሪያና ብራዚል ውስጥ ነው። በ2020 ኮሮና ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ ጨዋታቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስተላልፉ ልጆች አነሡትና ፈነዳ። ሠሪዎቹ በኦገስት ሁለተኛውን እንሠራለን አሉ። በወሩ ሐሳቡን ሰረዙት፤ ሰው የሚጫወተውን ማሻሻል ይሻላል ብለው።

ጌሙ መጀመሪያ የታሰበው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ለተቀመጡ ሰዎች ነበር። ያ አማራጭ ዛሬም አለ። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌሎቹ ይገባሉ፤ ዳታም እምብዛም አይበላም። ችግሩ ሕጉ ነው። ስብሰባ እስኪጠራ ድረስ ማውራት ክልክል ነው። በርጫ ላይ ይህን ማን ያከብራል? ገና የመርከቡ መብራት ሲጠፋ አንዱ «አቦ፣ እኔ አይደለሁም!» ብሎ ይጮኻል። ማንም ሳይጠይቀው።