«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ»፦ ዘነዘናው በማን እጅ ነው?

ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ጉዳይ ተነሣ። ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት እንድንልክለት የጠየቀው የካቲት ላይ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል። ሰብሳቢያችን የትምህርት ቤቱ ሰዎች ፎርሙን አስተካክለው አልሞሉም አሉና «ብንነግራቸው ብንነግራቸው አይሰሙም፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው» ብለው ዘጉት። ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ባልደረባዬ ደግሞ ጠጋ ብላ «የጣናው እምቦጭ ነው?» አለችኝ።

በእሷ አልፈርድም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እምቦጭ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጣናን የወረረው አረም ነው። የሐይቁ ዳር ሰው በእጁ እየነቀለ፣ አረሙ መልሶ እየበቀለ ስንት ዘመቻ ስላለፈ፣ ተረቱ ከዚያ የመጣ ቢመስላት አይገርምም። የተረቱ እምቦጭ ግን ድምፅ ነው። ውሃ ሲመቱት የሚለው እሱ ነው። ልጆች ወንዝ ውስጥ «ተንቦጫረቁ» ስንል የምንሰማው ድምፅ የቅርብ ዘመዱ ይመስለኛል።

የከነከነኝ የሰብሳቢያችን አባባል ነው። እሱን ለማስረዳት ወደ አያቴ ጓሮ መመለስ አለብኝ።

ያደግሁት ገብስ አገር ነው፤ ደጋ፣ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያቆረፍድ ብርድ ያለበት። ለበሶም ለቆሎም ገብሱ መጀመሪያ ይሸከሸካል። አያቴ ገብሱን ሙቀጫ ውስጥ ትጨምርና ውሃ እፍ እፍ አድርጋ ትረጨዋለች። እርጥበት ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ልብሱ እንዲላቀቅለት። ውሃው ከበዛ ገብሱ ይቦካል እንጂ አይላጥም። ከዚያ ዘነዘናውን ታነሣለች። አክስቴ ካለች ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው በአንድ ሙቀጫ እየተቀባበሉ ይወቅጣሉ። አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ታሳርፋለች። ዘነዘና ከዘነዘና ሲጋጭ አንድ ቀን አላየሁም።

የሚገርመኝ ጆሯቸው ነው። ገብሱ ልብሱን ሳይጥል ድምፁ ሸክ ሸክ ነው። «ሸከሸከ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ድምፅ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። እየተላጠ ሲሄድ ድምፁ ይከብዳል፤ ድም፣ ድም ይላል። አያቴ ጓዳ እንጀራ እየጋገረች፣ እኔ ውጭ እየወቀጥኩ፣ ሙቀጫውን ሳታይ «በቃ፣ አውጪው! ልትፈጪው ነው እንዴ?» ትለኛለች። አውጥቼ ሰፌድ ላይ አደርገዋለሁ። እሷ መጥታ ታንቀረቅበዋለች፣ ታንገዋልለዋለች። እብቁ በአንድ በኩል ይሄዳል፣ ዶሮዎቹ ይሻሙበታል። ነጣ ያለው ገብስ ሰፌዱ መሐል ይቀራል። ያንን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ማታ ስትጠይቀኝ «ስንት ሰፌድ አወጣሽ?» ነበር የምትለው። ምን ያህል ሰዓት እንደወቀጥኩ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ሥራው ሲያልቅ ሙቀጫው ይታጠባል። ውሃ ይፈስበትና ትንሽ ይቀመጣል፣ የተጣበቀው እንዲለቅ። እኔ ደግሞ ስድስት ሰባት ዓመቴ ላይ ይህቺን ሰዓት ነበር የምጠብቀው። ዘነዘናውን በሁለት እጄ አቅፌ ውሃውን እወቅጣለሁ። እንደ ትልቅ ሴት ወገቤን ታጥቄ፣ እንደ አክስቴ እያቃሰትኩ። እምቦጭ! ፊቴ፣ ቀሚሴ፣ ሁሉም ውሃ። አያቴ ቀና ብላ ታየኝና «አይ ልጄ፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» ትላለች።

ስለዚህ የተረቱ መነሻ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ከታጠበ ሙቀጫ አጠገብ፣ አንዲት እናት፣ ትልልቆቹን ለመምሰል ለምትለፋ ልጅ የተናገረችው ነው። የጠቢባን ጉባኤ ላይ የተወለደ ተረት አይመስለኝም። ምክንያቴ ቀላል ነው። ትልቅ ሰው ውሃ አይወቅጥም። ልጅ ግን ይወቅጣል፤ ምክንያቱም ልጅ ከሥራው የሚያየው እንቅስቃሴውን ነው። ዘነዘናው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ወደ ታች ሲወርድ፣ ወገብ ሲታጠቅ። ሰፌዱ ላይ የሚወጣውን ገና አያይም። እኔ ሁሉንም በሥርዓቱ ነበር የማደርገው። አቋቋሜ ትክክል፣ አያያዜ ትክክል። ገብሱ ብቻ የለም።

አሁን ወደ ስብሰባው ልመለስ። ተረቱ «ቢወቅጡት» ሲል የሚያየው ወቃጩን ነው። ውሃው ምን በደለ? ውሃ ሆኖ ነው የተገኘው። እኛ ግን ዛሬ ተረቱን ገልብጠን፣ ምክር አልሰማ ያለንን ሰው መስደቢያ አድርገነዋል። ልጁ አልሰማ ሲል እሱ ውሃ ይሆናል፣ ደንበኛው ሲያስቸግር እሱ ውሃ ይሆናል። የሚወቅጠው እጅ ይረሳል።

ለትምህርት ቤቱ ጥያቄ አራት ጊዜ ተሰብስበናል። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፍቷል። የኤክሴል ሠንጠረዥ አለን፤ ያለቀው አረንጓዴ፣ ያልተነካው ቀይ፣ መሐል ያለው ቢጫ። የትምህርት ቤቱ ረድፍ ከየካቲት ጀምሮ ቢጫ ነው፤ አጠገቡ «በሂደት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ከፍቶ ቀኑን ያድሳል። ሥርዓት መያዝን አልጠላም። አያቴም ሰፌዷ የሚሰቀልበት ቦታ ነበረው፣ ሙቀጫዋም ሳይታጠብ አያድርም። ሥርዓቱ ግን ለገብሱ ነበር። «በሂደት ላይ» የምትለዋን ቃል በየመሥሪያ ቤቱ በሰማሁ ቁጥር ያ የታጠበ ሙቀጫ ነው የሚታየኝ። እባካችሁ፣ ይህን ተረት በሌላ ሰው ላይ ከማውረዳችን በፊት ሙቀጫችን ውስጥ ጎንበስ ብለን እንይ።

ማክሰኞ ጠዋት ፎርሙን አወጣሁት። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የተማሪዎች ቁጥር በክፍል። ለርእሰ መምህሩ ደወልኩ። በስልክ ነገሩኝ፣ ጻፍኩት። ያቺ «የጣናው ነው?» ያለችኝ ልጅ ደብዳቤውን ተየበችው። ከሰዓት በኋላ ተፈርሞ ወደ መዝገብ ቤት ወሰድነው። ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ድም አለ።