ቤቱ ጋቢና የሆነ ሹፌር፦ የአዳማ የጅቡቲ መስመር ኑሮ

አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን ሸጠው ዓመቱን ሙሉ «አርቪ» በሚሉት መኪና ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። መኪናው አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃ ሳይቀር አለው። ይህን አዳማ ላይ ብታወሩ «እኛስ?» የሚል የተሳቢ ሹፌር አይጠፋም። እውነቱን ነው። እሱም ብዙውን ሌሊት የሚያድረው ጋቢና ውስጥ ነው። መጸዳጃው ብቻ ነው የሌለው።

አዳማ የዚህ ኑሮ ከተማ የሆነችው በቦታዋ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የፍጥነት መንገዱ አለ። የሞጆ ደረቅ ወደብ እዚያው አፍንጫዋ ሥር ነው። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው በጅቡቲ ያልፋል። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ ባቡር መደበኛ ሥራ ቢጀምርም ተሳቢው ከመንገዱ አልጠፋም።

መስመሩ ከአዳማ በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ ይወጣል። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያንና ሰመራን አልፎ ጋላፊ ላይ ድንበር ይሻገራል። ሹፌሩ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ባሕር ጠለል ድረስ ይወርዳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ወደብ ላይ ወረፋ ካለ ደግሞ እዚያው ጋቢና ውስጥ ቀን መቁጠር ነው።

ጋቢናው ከመቀመጫው ጀርባ ጠባብ አልጋ አለው፤ መጋረጃ ይጋረድበታል። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ሲሊንደርና የውሃ ጀሪካን ከሥር ባለው ሳጥን ይገባሉ። ወጥ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ረዳቱ ነው። ሲመሽ ሹፌሩ አልጋው ላይ፣ ረዳቱ ነፋስ ፍለጋ ጭነቱ ላይ ይተኛሉ።

ሰውነት ግን እንደ ሞተር ዘይት ተቀይሮለት አይቀጥልም። ቀድሞ የሚያቃስተው ወገብ ነው። ቀጥሎ ኩላሊት ይመጣል፤ ለሽንት ላለመቆም ውሃ የሚቆጥብ ሹፌር በዚያ ሙቀት ለጠጠር ይጋለጣል። እንቅልፍን በጫት የሚያባርር ደግሞ ግፊቱን እያባባሰ ነው። ስኳር ያለበትማ ጣጣው ብዙ ነው። አንድ የሰፈሬ ሹፌር ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ እርጥብ አሸዋ ባለበት ትንሽ ማሰሮ ውስጥ አልጋው ሥር ይይዝ ነበር። ሚሌ ሲቆም ከጎማው በፊት የሚያየው ማሰሮውን ነው። አሸዋው ከደረቀ ያርሰዋል። ሲያዩት ቀልድ ይመስላል፤ ግን ፍሪጅ በሌለበት መድኃኒቱን ከሙቀት የሚጠብቅለት እሱ ነበር።

ሌላው ችግር ቀጠሮ ነው። ሐኪም ቀን ይቆርጣል፤ ወደብ አይቆርጥም። ሹፌሩ የቀጠሮው ዕለት ጋላፊ ላይ ቆሞ ሊገኝ ይችላል። ሲመለስ ሌላ ቀጠሮ፣ እስከዚያው መድኃኒት አልቋል።

ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሕመም ፈቃድን እስከ 6 ወር ያደርሰዋል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ጥሩ ነው። ግን የሹፌር ቤት የሚቆመው በደሞዝ ሳይሆን በአበል ነው። ምልልስ ከሌለ አበል የለም። ስለዚህ ብዙው ወገቡን በመቀነት ጠፍሮ ይነዳል። ሚስቱ የወለደች ሹፌርም 3 ቀን ፈቃድ አለው፤ ወሬው ጅቡቲ ላይ ከደረሰው ግን ሦስቱም ቀን መንገድ ላይ ያልቃሉ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ሹፌርን ያሰቡት አይመስለኝም።

ቤተሰብ ሹፌሩን የሚያቆመው ከበሽታ ባልተናነሰ ነው። እናት ስትታመም፣ ልጅ ትምህርት ሲያስቸግር፣ «ዛሬስ የት ደረስክ?» የሚለው ስልክ ቃናው ይለወጣል። ያኔ መስመር ማሳጠር ይመጣል። ተሳቢውን ትቶ አይሱዙ ይይዛል፤ ከመቂ ሽንኩርት ይጭናል፣ ወይ ሞጆና አዲስ አበባ ይመላለሳል። ገቢው ይቀንሳል፤ ማታ ግን ቤቱ ይገባል። ቅዳሜ ወገቡን ሶደሬ ፍል ውሃ ወስዶ የሚነክር አለ፤ ከአዳማ ሩቅ አይደለም።

ያ ባለማሰሮ ጎረቤቴም አሁን አይሱዙ ላይ ነው። ኢንሱሊኑ ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን ተቀምጧል። ከምሳ በኋላ ግን መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ጋቢና ውስጥ ሸለብ ያደርጋል። ባለቤቱ ገብቶ አልጋ ላይ እንዲያርፍ ስትጠራው በመስኮት እጁን ያወዛውዝላታል።