ጎማ ጎማ በሸተተ ቁጥር ቺንጋ ለሚቀይሩ

መኪና ጎማ ጎማ ከሸተተ ቺንጋው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዳይናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ አልቋል የሚለው ወሬ ከአሽከርካሪው አልፎ መካኒኩም አፍ ገብቷል። ኮፈን ይከፈታል፣ ቺንጋው ጠቁሮና አብረቅርቆ ይገኛል፣ «ይቀየር» ይባላል። በሳምንቱ ያው ሽታ ይመለሳል። ያኔ ጥፋቱ የዕቃው ይሆናል፤ «ፌክ ነው የሸጡልህ!» ፌክ ዕቃ ገበያው ላይ መኖሩ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቺንጋው የተቃጠለው በሌላ ጥፋት ነው፤ ሌላውን ሳይነኩ እሱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ቺንጋ የሚቃጠለው ሲንሸራተት ነው። የሚንሸራተተውም ስለላላ፣ ዘይት ስለነካው፣ ከሚያዞራቸው አንዱ አልዞርም ስላለ፣ ወይም ፑሌጃዎቹ (ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው መዘውሮች) በአንድ መስመር ላይ ስላልሆኑ ነው። ስለዚህ አሮጌው ወልቆ አዲሱ ሳይገባ፣ ሞተር ጠፍቶና ቁልፍ ወጥቶ፣ ቺንጋው የሚያዞረውን እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ አዙሩ። ዳይናሞው ያለ ድምፅ መዞር አለበት፤ አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ሄዷል። የውሃ ፓምፑን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ከተጫወተ፣ ወይም ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀ የራዲያተር ውሃ ምልክት ካለ፣ ይቀየራል። የኤሲ ኮምፕሬሰሩ የውጭ ፑሌጃ በነፃነት ይዞራል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሰሃን ደግሞ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ይዞራል። ሰሃኑ ፍንክች ካላለ፣ ሽታው ኤሲ ሲበራ ብቻ የሚመጣበት ምክንያት እሱ ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ፣ ቺንጋውን የሚያዞረው። ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ይህ ፑሌጃ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ በመሃሉ ብረትና በውጭው ቀለበት መካከል የላስቲክ ቀለበት አለው። ላስቲኩ ሲያረጅ ውጭው በመሃሉ ላይ ይንሸራተታል፤ ያኔ የሚሸተው ቺንጋው ሳይሆን ይህ ላስቲክ ነው፣ አሥር ቺንጋ ብትቀይሩም አይለቅም። ምርመራው ቀላል ነው። ከመሃሉ ብረት አንስታችሁ እስከ ውጭው ጠርዝ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። መኪናውን ነድታችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ እዩት። መስመሩ ከተሰበረና ሁለቱ ግማሾች ከተላለፉ ፑሌጃው ይቀየራል።

«ድምፅ ካለው ሳሙና ወይም ሻማ ቀባው።» ይሄ ምርመራውን ማበላሸት ነው። ቅባት የነካው ቺንጋ የበለጠ ይንሸራተታል፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ደግሞ ቢታጠብም አይመለስም። መጀመሪያ የሚፈሰው ዘይት ይዘጋ፣ ቺንጋው ከዚያ ይቀየር። በሳሙና ፋንታ፣ ሞተሩ በርቶ እጅና ልብስ ርቆ፣ ጥርስ ባለው ጎኑ ላይ ትንሽ ንጹሕ ውሃ እርጩ። ጩኸቱ ከጨመረ ውጥረቱ ጎድሏል፤ ጠፍቶ ጥቂት ቆይቶ ከተመለሰ የፑሌጃ መስመር ተዛብቷል።

«አጥብቆ መወጠር ነው።» ራሱን የሚወጥር መወጠሪያ በሌለው ሞተር፣ ረጅሙን ክፍል መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ የዳይናሞና የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ ይበላል፤ ያም ዞሮ ዞሮ ያንኑ ሽታ ያመጣል።

«ታይሚንግ ቺንጋው ነው።» ታይሚንግ ቺንጋ የሞተሩን ቫልቮች በሰዓታቸው የሚያስከፍተው የውስጥ ቺንጋ ነው። የቪትዝና የኮሮላ ኤንዜድ (NZ) ሞተሮች ግን ታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም፤ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ነው።

«ፍሪሲዮኑ ስለሸተተ አልቋል።» የግድ አይደለም። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ነው። ዳገት ላይ በፍሬን ፋንታ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሰው አዲሱንም ያሸተዋል። በ3ኛ ማርሽ፣ ባዶ ሜዳ መንገድ ላይ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስጡት። የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ከመፍታታችሁ በፊት ግን የፔዳሉን ነፃ ጉዞ (ሲረገጥ ክብደት እስኪሰማ ድረስ የሚወርደውን) ለኩ፤ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ምንም ነፃ ጉዞ ከሌለ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተረገጠ ነው።

«ቁልቁለት ላይ ፍሬን መሽተቱ ያለ ነው።» ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ይወረዳል። እዚያ አራቱም እግር (ጎማ) ከሸተተ ጥፋቱ የነጂው ነው፤ ቀድሞ ማርሽ መቀነስ ነበረበት። የጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ መድፋት ደግሞ ዲስክ ያጣምማል፣ ይሰነጥቃል። ሜዳ ላይ አንድ እግር ብቻ ከጋለና ከሸተተ ግን ፍሬኑ ይዟል። በክሪክ አንሱትና፣ እግሩ እንደያዘ፣ የፍሬኑን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጉ። እግሩ ከተለቀቀ ግፊት ታምቋል፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያበጠ የፍሬን ቱቦ ነው። ካልተለቀቀ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ወይም ተንሸራታች ፒኖቹ ደርቀዋል። ፒኖቹን በሲሊኮን የፍሬን ግሪስ ቅቡ፤ ተራው ግሪስ ላስቲኮቹን ያሳብጣል።

ፌስታልም አትርሱ። የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ የተጣበቀ አንድ ፌስታል ስንት ጋራዥ አስዙሯል!

«ፊውዝ ከተቃጠለ ከፍ ያለ አስገባ።» 10 አምፔር በነበረበት 30 ወይም የመዳብ ሽቦ ከገባ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ገመዱ ነው። ይህ ሽታ ከጎማ ይልቅ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ነው። ዳር ይዛችሁ ሞተር አጥፉ፣ ሰው ይውረድ። ጭስ ከሌለ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ጭስ ከኮፈን ሥር ከወጣ ግን ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት ለእሳቱ አየር መስጠት ነው።