«ዛሬ እንግዳው ማነው?» ስለ ላይብረሪ የውጭ ፖሊሲ ውይይት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ የውጭ ፖሊሲ ውይይት መምራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በር ላይ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ግን እስካሁን አልተቀየረም። «ዛሬ እንግዳው ማነው?» እንግዳ የለም። አምባሳደር አይመጣም፣ ፕሮፌሰር አይመጣም፣ ማይክም የለም። ክብ የተደረደረ ወንበር፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ካርታ፣ ከሳምንት በፊት የታደለ 15 ገጽ ጽሑፍ፣ በቃ ይሄው ነው። ይሄን ስነግራቸው ግማሹ ሰው ፊቱ ይቀየራል፣ እንግዳ ከሌለማ ምን ልንሰራ መጣን ነው ነገሩ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ከምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

«ላይብረሪው ካዘጋጀው የላይብረሪው አቋም ነው።» አይደለም። ክፍል መስጠትና ሀሳብ መደገፍ ለየቅል ናቸው። የአሜሪካ ላይብረሪዎች ማህበር እ.ኤ.አ. በ1939 ያጸደቀውና በኋላም ያሻሻለው የመብት ሰነድ፣ የስብሰባ ክፍሉን ለሕዝብ የሚከፍት ላይብረሪ የጠያቂውን እምነትም ሆነ ወገን ሳያይ በእኩል ይስጥ ነው የሚለው።

«ኤምባሲ የላኪው ሀገር መሬት ነው።» ስለ ጥገኝነት ባወራን ቁጥር ይሄ ይነሳል። መሬቱ የተቀባዩ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት የሚለው የኤምባሲው መሪ ካልፈቀደ በስተቀር የተቀባዩ ሀገር ፖሊስ ግቢው ውስጥ አይገባም ነው።

«ተመድ ከወሰነ አለቀ፣ ግዴታ ነው።» የተመድ የትኛው አካል? የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ በአብዛኛው ምክረ ሀሳብ ነው። አባል ሀገራት በቻርተሩ አንቀጽ 25 እንፈጽማለን ብለው የተስማሙት የጸጥታውን ምክር ቤት ውሳኔ ነው። ይሄን ሳይለዩ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚከራከሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ሁለቱም ትክክል ነን እያሉ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

«ቻተም ሃውስ ሩል ማለት እዚህ የተባለ ከዚህ አይወጣም ማለት ነው።» ተገላቢጦሹ ነው! ለንደን ያለው ቻተም ሃውስ የሚባለው የውጭ ጉዳይ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው የስብሰባ ደንብ የሰማኸውን ተጠቀምበት፣ ማን እንዳለውና ከየት እንደመጣ ግን አትግለጥ ነው የሚለው። ሰው ጥሩ ነገር ሰምቶ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ እንኳን ሳይናገር ይቀራል፣ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው። «የውጭ ፖሊሲ የባለሙያ ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ለመስማት ነው የመጣሁት።»

ይሄን የሚሉት ደሞ ብዙ ጊዜ መናገር ያለባቸው ሰዎች ናቸው፣ ምንም የማያመነታው እኮ ትናንት ማታ ሶሻል ሚዲያ ላይ ሁለት ቪዲዮ ያየው ሰውዬ ነው። ተራ ሰው ተሰብስቦ ይወያይ የሚለው ሀሳብም የኔ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካው የውጭ ፖሊሲ ማህበር ግሬት ዲሲዥንስ የሚባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1954 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ላይ የጀመረው ለዚሁ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ጽሑፍ አንብቦ ይወያያል፣ ከዛ የራሱን አቋም ይይዛል። 70 ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ብዙ ላይብረሪ ውስጥ ይካሄዳል።

ባለሙያ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የምናነበውን 15 ገጽ የጻፈው ባለሙያ ነው፣ ያለሱ ውይይቱ ወሬ ይሆናል። ግን ባለሙያ ነገ የሚሆነውን ያውቃል ብሎ አፍን መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ፊሊፕ ቴትሎክ የሚባል ተመራማሪ የ284 ባለሙያዎችን ትንበያ 20 ዓመት ገደማ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በአማካይ ሲታይ ባለሙያዎቹ በዘፈቀደ ከመገመት ብዙም የራቁ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቃለች ብለው ብዙ ሰው ያሳመኑትም እኮ ተራ ሰዎች አልነበሩም። ከዛ በላይ ደሞ ባለሙያው ሊነግርህ የሚችለው ይሄን ብታደርግ ይሄ ሊከተል ይችላል የሚለውን ነው። የሚከተለው ነገር ዋጋው ይገባዋል ወይ የሚለውን ለመመለስ ዲግሪ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ማዕቀብ በተወያየንበት ምሽት አንዲት እናት ነበሩ። ሦስት ወር ተከታትለው መጥተዋል፣ ሁሌ በር ጋ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ተራ ሲደርሳቸው «እኔ ለመስማት ነው» ብለው ያሳልፋሉ። የዛን ቀን አንድ ጥሩ ያነበበ ሰው እያስረዳን ነበር፣ ምግብና መድኃኒት ከማዕቀቡ ነጻ ነው፣ የጸጥታው ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 በውሳኔ ቁጥር 2664 ለሰብዓዊ እርዳታ የሚውል ገንዘብ በተመድ የንብረት እገዳ እንዳይያዝ ወስኗል፣ ስለዚህ ማዕቀብ ተራውን ሰው አይነካም አለ። የጠቀሰው ሁሉ ወረቀት ላይ ትክክል ነው። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከፈቱና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ለወንድማቸው የስኳር መድኃኒት መግዣ የላኩት ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተመልሶባቸዋል፣ ወረቀቱ የባንኩ መልስ ነው፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ አንድ መስመር ብቻ «ወደዚህ ሀገር አገልግሎት አንሰጥም» ይላል። «ወንድሜ መንግሥት አይደለም» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሲያስረዳ የነበረው ሰውዬ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበው፣ ከዛ ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ጉዳዩ የታወቀ ነው እኮ፣ ባንኮች ቅጣት ስለሚፈሩ የተፈቀደውንም ዝውውር ሳይነኩት ይቀራሉ፣ ሕጉ ክፍት ያደረገውን በር ፍርሃት ይዘጋዋል። የኛ 15 ገጽ ግን ይሄን አንድም ቦታ አልጠቀሰም። ያነሱት ምንም አላውቅም ያሉት ሴትዮ ናቸው።

«ሰው በውይይት ሀሳቡን አይቀይርም» የሚሉም አሉ። ይቀይራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዳላስ አካባቢ ከ500 በላይ የአሜሪካ መራጮች ተሰብስበው የውጭ ፖሊሲን ጨምሮ አምስት ርዕስ ላይ ለቀናት ሲወያዩ፣ በፊትና በኋላ የሰጡት መልስ ሲነጻጸር በጣም የተራራቁባቸው ነጥቦች ላይ እንኳን ብዙዎቹ ተቀራርበዋል። ልዩነቱ አንብበው መምጣታቸውና በትንሽ በትንሽ ቡድን መቀመጣቸው ነው።

ስለዚህ ይሄን ልትጀምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ከ15 ሰው በላይ አንድ ክብ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ከበዛ ለሁለት ክፈሉት። ካርታ ይኑር፣ ግማሹ ክርክር ካርታ ሲዘረጋ ይበርዳል። ያላነበበ ሰው ይምጣ፣ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያዳምጥ። አወያዩ የራሱን አቋም አይናገር፣ እኔም አልናገርም፣ ይሄ በጣም ይከብዳል ግን አንዴ ከተናገራችሁ ከዛ በኋላ ሰው የሚያወራው ከናንተ ጋር ነው። ደሞ «ምን ታስባላችሁ?» ብላችሁ አትክፈቱ፣ ይሄ ጥያቄ ሁሌ ለሚያወራው ሰው ነው የሚመቸው። እኔ ከሴትዮዋ በኋላ የመክፈቻ ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ፣ «ይሄ ጉዳይ እናንተን ወይም የምታውቁትን ሰው የነካበት ቀን አለ?» ነው የምለው። በር ጋ የነበረውንም ወንበር ወደ ክቡ አስገብቼዋለሁ።