ክሮስ ቤዲንግ ምንድን ነው?

የአሸዋ ድንጋይ ገደል ራቅ ብላችሁ ስታዩት ንብርብሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ አግድም የተኙ ናቸው። ጠጋ ስትሉ ግን በየንብርብሩ ውስጥ ቀጫጭን መስመሮች ወደ አንድ ጎን አጋድለው ታገኛላችሁ። ክሮስ ቤዲንግ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ያጋደላቸው ይመስለዋል። አይደለም፣ ሲፈጠሩም አጋድለው ነው።

በረሃ ውስጥ ነፋስ አሸዋውን እየገፋ በክምሩ ለስላሳ ዳገት ያወጣዋል፤ አናቱ ላይ ሲበዛ ደግሞ በማዶ በኩል ዝርግፍ ይላል፣ ምክንያቱም ደረቅ አሸዋ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ገደማ ካለፈ መቆም አይችልም። እያንዳንዱ ናዳ አንድ ቀጭን መስመር ይተዋል። ከኋላ የሚመጣው ክምር የቀደመውን አናት ገምጦት ያልፋል። ግርጌው ግን ተቀብሮ ይቀራል፣ ማዕድን ያዘለ ውሃ ያጣብቀዋል፣ ድንጋይ ይሆናል።

ስለዚህ መስመሩ ቁልቁል የሚያመለክተው ነፋሱ የሄደበትን አቅጣጫ ነው። አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ያለው የናቫሆ አሸዋ ድንጋይ 190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ እዚያው ዩታ ባለው የዛየን ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ውፍረቱ ከ600 ሜትር ይበልጣል። መስመሮቹ በብዛት ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ ነፋሱ ከሰሜን ይመጣ እንደነበር እናውቃለን። ነፋስ ቅሪተ አካል ሆኖ አስቡት!

ችግሩ፣ ወንዝም ይሄንኑ ይሠራል። የወንዝ ግን ብዙውን ጊዜ አነስ ይላል፣ ጠጠርና ጭቃም ይቀላቀልበታል። የነፋሱ አሸዋ የተበጠረ ነው፤ ቅንጣቶቹ ተቀራራቢ መጠን አላቸው፣ እርስ በርስ ሲጋጩ ስለኖሩም ብዙዎቹ ክብ ናቸው፣ ገጻቸውም እንደ ደበዘዘ መስታወት ነው። መስመሮቹ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ካጋደሉ ደግሞ ባሕር ሞልቶ ሲመለስ የነበረበት ቦታ ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መፍረድ ግን አያዋጣም፣ ወንዝ ይጠማዘዛላ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላ ጥቅሙ ነው። የመስመሮቹ ላይኛው ጫፍ ተቆርጦ ያልቃል፣ የታችኛው ግን ብዙ ጊዜ ጎበጥ ብሎ ከወለሉ ጋር ይዋሃዳል። ተራራ ሲታጠፍ ድንጋዩ ተገልብጦ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ማርስ ላይም አለ። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በጌል ጉድጓድ ውስጥ ያገኘችው የስቲምሰን አሸዋ ድንጋይ እንዲሁ ባጋደሉ መስመሮች የተሞላ ነው፤ ተመራማሪዎቹ አይተው የነፋስ ክምር ነው ያሉት ከዩታው ጋር በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው።