ሴፒያ ምንድን ነው? ቢጫ የሆነ ፎቶ ሁሉ ሴፒያ አይደለም

የድሮ ደሴ ወይም የመቅደላ ፎቶ ብቅ ባለ ቁጥር «ሴፒያው ሲያምር!» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን፣ ማንንም አይጎዳም። ሰሞኑን ግን አንዱ ጭራሽ ሕግ አወጣለት፦ ሴፒያ ፎቶ ሲያረጅ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ ቡናማነቱ በጨመረ ቁጥር ዕድሜውም ይጨምራል፣ ስለዚህ ይህ ፎቶ ከ100 ዓመት አያንስም። ዕድሜው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ከንቱ ነው። ትናንት ታትሞ ዛሬ ከሰዓት ሴፒያ የሆነ ፎቶ ሞልቷል። 100 ዓመት አልፎት ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ የተቀመጠም አለ።

ሴፒያ ሆን ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየን በጄላቲን ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ብር ነው። ይህ ብር በሰልፋይድ (ድኝ ባለበት ኬሚካል) ሲነከር ወደ ብር ሰልፋይድ ይለወጣል። ብር ሰልፋይድ ቡናማ ነው፤ እርጥበትንና የተበከለ አየርንም ከብሩ በጣም በተሻለ ይቋቋማል። እና ቡናማው ፎቶ ያረጀው ሳይሆን እንዳያረጅ የታሰበለት ነው።

በቆዳ እናስበው። ጥሬ ቆዳ ደጅ ቢጣል ቀለሙ ይለወጣል፣ ይበሰብሳል። የለፋ ቆዳም ቀለሙ ተለውጧል፤ እሱ ግን የተለወጠው እንዳይበሰብስ ነው። ሁለቱም ቡናማ ናቸውና አንድ ናቸው የሚል ወሎዬ የለም። ምሳሌው ከዚህም ይርቃል። ቆዳ ከመልፋቱ በፊት ጠጉሩ መነሳት አለበት፤ ፎቶም ቡናማ ከመሆኑ በፊት ጥቁሩ ይነሳለታል። ቆዳ ፋብሪካዎች ጠጉር ለማንሳት ከኖራ ጋር የሚጠቀሙበት ሶዲየም ሰልፋይድ ደግሞ ሴፒያ የሚሠራበት ኬሚካል ራሱ ነው፤ እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸተውም እሱ ነው። ምሳሌው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው፦ ሰልፋይድ ከቆዳው ላይ ያነሳል፣ ፎቶው ላይ ግን ይተክላል።

ሥራው ሁለት ሳፋ ነው። አንደኛው ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ፖታሲየም ፌሪሳያናይድና 10 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድ ይሟሟል። ፊክሰር (ምስል ያልሆነውን የብር ጨው አሟሙቶ የሚያወጣው ፈሳሽ) የጠገበና በደንብ የተለቀለቀ ፎቶ እዚህ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ጥቁሩ ይሄድና ፈዛዛ ቢጫማ ጥላ ይቀራል። ምስሉ አልጠፋም፣ ብሩ ወደ ብር ብሮማይድ ተመልሶ ነው። ከዚያ ቢጫው ፈሳሽ ከወረቀቱ እስኪወጣ ይለቀለቃል። ሁለተኛው ሳፋ በሊትር 10 ግራም ገደማ ሶዲየም ሰልፋይድ ያለበት ነው፤ እዚያ ምስሉ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። መብራት ማጥፋት አያስፈልግም። መስኮት መክፈት ግን ግዴታ ነው፤ ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ጋዙ ያልታተመ ወረቀትንም ያጨልማልና ሥራው ወረቀት ከተከማቸበት ክፍል ርቆ ይሁን። በዚህ መንገድ ሲሠራ ምስሉ ትንሽ ስለሚሳሳ መጀመሪያ ሲታተም ጠቆር ማድረግ ይሻላል።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከሴፒያው በፊት በተሠራው ስህተት ነው። ፊክሰሩ (ሃይፖው) ከወረቀቱ ሳይወጣ ፌሪሳያናይድ ውስጥ ከገባ ሁለቱ ተገናኝተው ብር የሚበላ ፈሳሽ ይሆናሉ፤ የነጠላው እጥፋት፣ የፊቱ ብርሃን፣ የደመናው ቅርጽ ይጠፋል፣ ሰልፋይዱም አይመልሰውም። ፊክሰሩ ካነሰ ደግሞ ያልሟሟው የብር ጨው ሰልፋይድ ሲያገኝ ነጩን ቦታ ያበላሸዋል። ቀለሙ ተላጦ ዝገት ባወጣ የብረት ሳፋ የሠራም ፎቶው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያያል፤ ብረትና ፌሪሳያናይድ ሲገናኙ የሚሠሩት ቀለም ነው። ፕላስቲክ ሳፋ ያድናል።

ማለቅለቁ ላይ ደሴ የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውሃዋ ኬሚካሉ ከሚወደው 20 ዲግሪ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሃይፖን ከወረቀት ቶሎ አያወጣም። ዝቅ ብላ በምትሞቀው ኮምቦልቻ ያንኑ ፎቶ ማለቅለቅ ይቀላል። ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት በሚፈስ ውሃ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ፕላስቲክ የሌለው ወፍራሙ ወረቀት ግን አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም በላይ።

ያ ያልወጣ ሃይፖ ነው እንግዲህ ከዓመታት በኋላ ሰዎች «ሴፒያ» የሚሉትን የሚያመጣው። ቀስ እያለ ይበሰብስና ድኝ ለቆ ብሩን ይነካዋል፤ የሚወጣውም ብር ሰልፋይድ ነው። ተከራካሪዬ «ታዲያ ያው አይደል?» ሊለኝ ይችላል። ኬሚካሉ አዎ፣ ያው ነው። ሥራው ግን አይደለም። በሳፋው ሁሉም ብር በአንድ ጊዜ፣ እኩል ይለወጣል። በተረፈ ሃይፖ ግን እዚህም እዚያም ይነካካል፤ ብር ያነሰበት ስስ ቦታ ቀድሞ ይፈዛል፣ ነጩም ይበልዛል።

መለያውም ከዚህ ይመጣል። መጀመሪያ ነጩን ዳር ማየት ነው። በሴፒያ ነጩ ነጭ ሆኖ ጥላው ይቡናል፤ ባረጀ ፎቶ ነጩ ቀድሞ ይለወጣል። የስልኩ «ሴፒያ» የሚባለው ማጣሪያ ነጩንም ጥቁሩንም አብሮ በሻይ ቀለም ስለሚነክር የሚመስለው ሴፒያን ሳይሆን የተበላሸ ፎቶን ነው። በደርግ ዘመን የታተሙ ባለቀለም የሠርግ ፎቶዎች ወደ ቀይ ሲያደሉም ሴፒያ የሚል አለ። እነሱ ላይ የሚለወጥ ብር የለም፤ ሰማያዊው ቀለም ቀድሞ ስለደበዘዘ ቀዩ ጎልቶ ነው።

የመቅደላዎቹስ? በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው ምስሎች የታተሙት በእንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነው፤ ይህን ወረቀት ፈረንሳዊው ብላንካር ኤቭራር በ1850 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ወረቀቱ ከኔጋቲቭ ጋር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ዴቨሎፐር (ምስል የሚያወጣ ኬሚካል) አይነካውም። በፀሐይ ብቻ የሚወጣው ብር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከመጀመሪያው ቡናማ ነው፤ በዘመኑ ወደ ሐምራዊ እንዲያዘነብል በወርቅ ክሎራይድ ይነከር ነበር። ነጩ ቦታ ላይ ዛሬ የምናየው ቢጫ የእንቁላሉ እርጅና ነው። ወርቅ እንጂ ሰልፋይድ ያላየን ፎቶ ሴፒያ ማለት ሙያውን መካድ ነው።

ቡናማን «የጥበብ ቀለም» ያደረጉት ፒክቶሪያሊስቶች ናቸው፤ ከ1880ዎቹ እስከ 1910ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎቶ እንደ ሥዕል ለስለስ፣ ሞቅ እንዲል የደከሙት። እነሱም ቢሆኑ በፕላቲነምና በሌላም ዘዴ ያትሙ ነበርና ሥራቸውን ሁሉ ሴፒያ ማለት አይቻልም። በ1932 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ላይ የተሰባሰበው የኤፍ 64 ቡድን ይህን ልስላሴ ተቃውሞ ጥርት ያለ ምስል ይዞ ተነሳ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሁሉ ከስልክ ስክሪን ላይ መለየት አይቻልም፣ ስካነሩ ቀለሙን በራሱ ያስተካክላልና። ግድግዳ ላይ የከረመ የቤተሰብ ፎቶ ያለው ሰው ጥቁርና ነጭም ቢሆን በባለቀለም ስካን ያድርገው፤ ቀለም የሚያስተካክለውን ቁልፍ ያጥፋ፤ ነጩ ዳርም እንዳይቆረጥ። የምድጃ ጭስ የጠጣ ከሆነ መስታወቱን ብቻ ነው የሚወለውለው፣ ምስሉን በውሃም በአልኮልም አይንካ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ መላቀቅ የለበትም፣ እንዳለ በመስታወቱ በኩል ስካን ይደረግ። ስም መጻፍ ከተፈለገ ከጀርባው፣ ጠርዙ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ።