ገጹ መጥቶ ስታይሉ ሲቀር፦ በጃንጎና በኤንጂንኤክስ ሰርቨር ላይ የስታቲክ ፋይል ብልሽት

ስታቲክ ፋይል የሚባለው ሰርቨሩ ምንም ሳያሰላ ከዲስክ አንስቶ እንዳለ ለብራውዘር የሚሰጠው ፋይል ነው። ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ሎጎ፣ ፎንት፣ የገጹ ምስሎች ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሆኖም አንድ ዌብ አፕሊኬሽን ከላፕቶፕ ወደ ሰርቨር ሲወጣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበላሸው ይኸው ክፍል ነው። ገጹ ይከፈታል፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ ሊንኮቹም ይሠራሉ። ግን ቀለም የለም፣ አቀማመጥ የለም፣ ሜኑውም ሲነካ አይከፈትም። በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የዌብ ማዕቀፍ) የሚሠሩ ሰዎች ምልክቱን ከአድሚን ገጹ፣ ማለትም ዳታው ከሚተዳደርበት ገጽ፣ ያውቁታል። ያ ሁሉ ሰንጠረዥ ነጭ ገጽ ላይ የተደረደረ የሊንክ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ የምናየው በብዛት የሚያጋጥመውን አደረጃጀት ነው፦ ሊኑክስ ሰርቨር፣ ከፊት ጥያቄዎችን የሚቀበለው የዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላው የፓይተን አፕሊኬሽንን የሚያስኬደው ጉኒኮርን፣ በጉኒኮርን ውስጥ ደግሞ ጃንጎ። ጃንጎ የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ውስጥ ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመሩት፤ በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ኤንጂንኤክስን ደግሞ ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ይፋ አደረገው። ዓላማው አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ አሥር ሺህ ያህል ግንኙነቶችን እንዲያስተናግድ ማስቻል ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናይ የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ይሆናል። ጃንጎ ገጽ ያዘጋጃል። ፋይል ማደል የኤንጂንኤክስ ድርሻ ነው። ብልሽቱ የሚመጣው ይህ ክፍፍል በላፕቶፕ ላይ ስለማይታይ ነው።

ላፕቶፕ ላይ «ራንሰርቨር» የሚለው የጃንጎ የሙከራ ሰርቨር ትእዛዝ ዲበግ (ስህተትን በዝርዝር የሚያሳይ የጃንጎ ሴቲንግ) ትሩ፣ ማለትም የበራ፣ እስከሆነ ድረስ ስታቲክ ፋይሎችን ራሱ ፈልጎ ያቀርባል። ዲበግ ፎልስ፣ ማለትም የጠፋ፣ ሲሆን ማቅረቡን ያቆማል። ጉኒኮርን ደግሞ ከነጭራሹ አያቀርብም። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ሰው አልዋሸም። እሱ ጋ ፋይሉን ይሰጥ የነበረው አካል ሰርቨሩ ላይ የለም፣ በቃ። እዚህ ላይ ብዙዎች አንድ አቋራጭ ይወስዳሉ፤ ዲበግን ወደ ትሩ ይመልሳሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዲበግ ገጽ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዱን ክፍል፣ የተለዋዋጮችን ዋጋና የሴቲንግ ዝርዝርን ለማንም እንግዳ ያሳያል። ጃንጎ የይለፍ ቃል የሚመስሉትን ለመሸፈን ይሞክራል፤ ሁሉንም ግን አይሸፍንም። ከዚያም በላይ፣ በጉኒኮርን ሥር ዲበግን ማብራት ብቻውን ስታቲክ ፋይሎቹን አይመልስም።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ሴቲንጎችን ለይቶ ማወቅ ነው። ስታቲክ ዩአርኤል ብራውዘሩ የሚጠይቀው አድራሻ ነው። ስታቲክፋይልስ ዲርስ ፕሮግራመሩ ፋይሎቹን የሚጽፍባቸው ፎልደሮች ናቸው። ስታቲክ ሩት ደግሞ ሁሉም ተሰብስበው የሚቀመጡበት መጨረሻው ቦታ ነው። «ኮሌክትስታቲክ» የተባለው ትእዛዝ ከፕሮጀክቱም፣ ከአድሚኑም፣ ከሌሎቹ አፖችም ፋይሎቹን እየለቀመ ወደ ስታቲክ ሩት ይገለብጣቸዋል። ትእዛዙ ካልተሰጠ ያ ፎልደር ባዶ ነው። የአድሚኑ ፋይሎች በጃንጎ ፓኬጅ ውስጥ ተቀብረው ስለሚገኙ አድሚኑ ቶሎ የሚጎዳው ለዚህ ነው። አንድ ፋይል የት እንዳለ ጃንጎ ያውቅ እንደሆነ ለማጣራት «ፋይንድስታቲክ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ። ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ለእኔ ግን መጀመሪያ ከሚሞከሩት አንዱ ነው።

ፋይሎቹ ተሰብስበውም ካልመጡ ሴቲንግ በግምት መነካካት አይጠቅምም። አንድ የሲኤስኤስ ፋይል መርጦ መንገዱን ከብራውዘር እስከ ዲስክ መከተል ይሻላል። በብራውዘሩ የኔትወርክ ሰሌዳ ላይ ለዚያ ፋይል የመጣውን ቁጥር ማየት ነው። 404 (አልተገኘም) ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ «ማን ነው የለም ያለው?» የሚል ይሆናል። የኤንጂንኤክስ የራሱ 404 ገጽ ከመስመር ሥር ስሙን ይጽፋል። የጃንጎው አይጽፍም። የጉኒኮርን አክሰስ ሎግ (የደረሱት ጥያቄዎች መዝገብ) ክፍት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። የስታቲክ ጥያቄው እዚያ ሎግ ውስጥ ከታየ፣ ኤንጂንኤክስ ጥያቄውን ሳይይዘው አሳልፎታል ማለት ነው። ያኔ ችግሩ ያለው በሎኬሽን መስመሩ፣ ማለትም የትኛው አድራሻ እንዴት እንደሚስተናገድ በሚወስነው የኤንጂንኤክስ ሴቲንግ፣ ላይ ነው። ወይ አልተጻፈም፣ ወይ በሌላ የሰርቨር ብሎክ (የሌላ ድረ ገጽ ሴቲንግ) ውስጥ ተጽፏል፣ ወይ ከተጻፈ በኋላ ኤንጂንኤክስ ሪሎድ አልተደረገም። ሴቲንጉን የሚፈትሸው የኤንጂንኤክስ ትእዛዝ በትንሹ ቲ ሲጻፍ ስህተት ካለ ይናገራል፣ በትልቁ ቲ ሲጻፍ ሙሉውን ሴቲንግ አንድ ላይ አውጥቶ ያሳያል። ትልቁ ቲ ብዙ ጊዜ ያተርፋል፤ የተረሳ አሮጌ ፋይል አሁንም እየተነበበ መሆኑ የሚታየው እዚያ ነው።

ጥያቄው ኤንጂንኤክስ ጋ ደርሶ ፋይሉ ካልተገኘ ተጠርጣሪው ብዙውን ጊዜ ፎልደሩን ለኤንጂንኤክስ የሚነግሩት የሩትና የአሊያስ መስመሮች መደባለቅ ነው (ይህ ሩት ከጃንጎው ስታቲክ ሩት የተለየ ነው)። ሎኬሽኑ «/ስታቲክ/» ነው እንበል፣ ፋይሎቹም «/ቫር/ሱቅ/ክምችት/» ውስጥ ናቸው። ሩት ከተጻፈ ኤንጂንኤክስ የአድራሻውን መንገድ እንዳለ ከፎልደሩ ኋላ ይቀጥላል፤ «/ቫር/ሱቅ/ክምችት/ስታቲክ/» ውስጥ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ፎልደር የለም። አሊያስ ከተጻፈ ግን «/ስታቲክ/» የሚለውን አውጥቶ በፎልደሩ ይተካዋል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው አሊያስ ነው። ከአሊያሱ መጨረሻ ላይ ሰረዙ (/) ከተረሳ የፎልደሩና የፋይሉ ስም ተጣብቀው በኢረር ሎጉ (በስህተት መዝገቡ) ውስጥ ይታያሉ። የተገላቢጦሹ ስህተት የከፋ ነው። ሎኬሽኑ ያለ መጨረሻ ሰረዝ፣ አሊያሱ ግን ከነሰረዙ ከተጻፈ፣ አድራሻው ላይ ሁለት ነጠላ ነጥቦች (..) በመጨመር አንድ ፎልደር ወደ ላይ ወጥቶ የሰርቨሩን ሌላ ፋይል ማንበብ ይቻላል። በደኅንነት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ቀዳዳ ነው። ሰረዙ በሁለቱም ቦታ ይኑር።

የኤንጂንኤክስ ኢረር ሎግ እውነቱን የሚናገር ጓደኛ ነው። የፈለገውን ፋይል ሙሉ መንገድ ይጽፋል፤ አብሮም ቁጥር ይሰጣል። 2 ከሆነ ፋይሉ በዚያ ቦታ የለም። 13 ከሆነ ፋይሉ ቢኖርም ለማንበብ ፈቃድ የለም፤ ብራውዘሩ የሚያየውም 403 (ተከልክሏል) ነው። ይህ ሁለተኛው በኡቡንቱ ላይ ብዙ ሰው ያሰቃያል። ኤንጂንኤክስ እዚያ የሚሠራው «ደብሊውደብሊውደብሊው ዴታ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው። ከ21.04 እትም ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚፈጠር የተጠቃሚ ሆም ፎልደር ለሌሎች ዝግ ነው፤ ፈቃዱ 750 ነው። ፕሮጀክቱ በሆም ውስጥ ከተቀመጠ የስታቲክ ፎልደሩ ለራሱ ክፍት ቢሆንም ከላይ ያለው በር ተዘግቷል። ወደ ፋይሉ ለመድረስ በመንገዱ ላይ ባለው እያንዳንዱ ፎልደር የመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ «ኔምአይ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ሁሉን 777 (ለማንም ክፍት) ማድረግ ግን መፍትሔ አይደለም። ማንኛውም ፕሮሰስ የገጹን ጃቫስክሪፕት እንዲቀይር መፍቀድ ማለት ነው። ፋይሎቹን ከሆም አውጥቶ በቫር ሥር ማስቀመጥ ይሻላል። በሬድሃትና በፌዶራ ላይ ፈቃዱ ልክ ሆኖም 13 ቁጥሩ ከቀጠለ ተጨማሪ የፈቃድ ቁጥጥር የሚያደርገውን ኤስኢሊኑክስን መመልከት ነው።

አንዳንዴ ቁጥሩ 200 (ተሳክቷል) ሆኖም ገጹ የተበላሸ ነው። ያኔ የሚታየው የይዘት ዓይነቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለጠፋ ፋይል ሁሉ ዋናውን የኤችቲኤምኤል ገጽ እንዲመልስ የታዘዘ ሰርቨር ይገኛል። ብራውዘሩ ጃቫስክሪፕት ጠብቆ ኤችቲኤምኤል ሲደርሰው፣ የማያውቀው የማዕዘን ቅንፍ እንዳጋጠመው ኮንሶሉ ላይ ይጮኻል። የኤንጂንኤክስ የማይም ዝርዝር (የፋይል ዓይነቶች ሰንጠረዥ) ሳይካተት ሲቀርም ሲኤስኤሱ እንደ ተራ ፋይል ይመጣና ብራውዘሩ አልቀበልም ይላል።

በዊንዶውስ ለሚሠራ ፕሮግራመር ሌላ ወጥመድ አለ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልን አይለይም። ሊኑክስ ይለያል። ሎጎው በትልቅ ፊደል ተቀምጦ በቴምፕሌቱ (በገጹ አብነት) ውስጥ በትንሽ ከተጠራ ላፕቶፑ ላይ ይመጣል፣ ሰርቨሩ ላይ ይጠፋል። አማርኛችን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ከዚህ ነፃ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ በአድራሻው ውስጥ ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለጠጣል፤ አክሰስ ሎጉን ማንበብ ያስቸግራል።

የአማርኛ ገጾችን በተለይ የሚነካው ግን ፎንት ነው። የራሱን የግዕዝ ፎንት የሚጭን ድረ ገጽ ስታቲክ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዶሜይን ሲያዛውር፣ ስታይሉም ምስሉም ደኅና ሆነው ፎንቱ ብቻ ሊቀር ይችላል። ብራውዘር ከሌላ ዶሜይን የመጣን ፎንት የሚቀበለው ሰርቨሩ በሄደር (ከመልሱ ጋር በሚልከው መረጃ) ሲፈቅድ ብቻ ነው። ተራ ምስል ይህ አይጠየቅበትም። የግዕዝ ፎንት ያለው ስልክ በራሱ ፎንት ያሳየዋል፤ ባለቤቱም ጉድለቱን ላያይ ይችላል። በሌለው መሣሪያ ላይ ግን አንባቢው የሚያየው ባዶ አራት ማዕዘን ነው።

የስም ማኅተም የሚጠቀሙ ፕሮጀክቶች ደግሞ የራሳቸው ብልሽት አላቸው። ጃንጎ የፋይሉን ይዘት አስልቶ 12 ምልክት በስሙ ላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ ፋይሉ ሲቀየር ስሙም ይቀየራል፣ የብራውዘር ካሽም (ቀድሞ ያስቀመጠው ቅጂ) አያታልልም። በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን በቴምፕሌት ውስጥ የተጠራ አንድ ፋይል በማኒፌስቱ (የዋናዎቹና የአዲሶቹ ስሞች ዝርዝር) ውስጥ ካልተገኘ ዲበግ ፎልስ ሲሆን ሙሉ ገጹ በ500 (የሰርቨር ስህተት) ይወድቃል። ማኒፌስቱ የሚነበበው አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ስለሆነ ከኮሌክትስታቲክ በኋላ ጉኒኮርንን ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። በዶከር (አፕሊኬሽንን ኮንቴይነር በሚባል የተነጠለ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) ላይ ስም የተሰጠው ቮልዩም (ቋሚ ማከማቻ) ከኢሜጁ (ኮንቴይነሩ ከሚነሣበት ጥቅል) ፋይል የሚቀበለው ባዶ ሳለ ብቻ ነው። አዲስ ኢሜጅ ቢወጣም አሮጌው ስታይል እዚያው ይቆያል። ኮሌክትስታቲክ ኮንቴይነሩ ሲነሣ እንዲሠራ ማድረግ ይህን ይፈታል።

ኤንጂንኤክስን ማስተዳደር ለማይፈልግ ሰው ዋይትኖይዝ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ አለ። በጃንጎ ሚድልዌር (እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች) ዝርዝር ውስጥ ከሴኩሪቲ ሚድልዌር ቀጥሎ ይገባል፤ የተሰበሰቡትን ፋይሎች ከጃንጎው ራሱ ያቀርባል። ለአነስተኛና መካከለኛ ሥራ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሩትና አሊያስ፣ የሆም ፎልደር ፈቃድ፣ የሎኬሽን መስመር የሚባሉት ጣጣዎች ይቀራሉ። ተጠቃሚ የሚጭናቸውን ፎቶዎች ግን አያቀርብም። እነዚያ ሚዲያ ፋይሎች ናቸው፤ ዋይትኖይዝ የፋይል ዝርዝሩን የሚይዘው አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የተጫነን ፎቶ አያውቅም። ለእነሱ የራሳቸው ፎልደርና የራሳቸው የሎኬሽን መስመር፣ ወይም ውጭ ያለ የፋይል ማከማቻ ያስፈልጋል።